ደርግን በማን ዓይን ነው ያየነው?

(ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ ለወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እንደተናገርኩት ጽፌዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።)

ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁም፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ያላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፤ ምሁር ነኝ ብዬም አልቆምኩም። በታሪክ ትምህርት ተመርቄ ዲግሪዬን ፋይል ውስጥ ያስቀመጥኩ፣ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ጠዋት ጠዋት ፒያሳ እየወጣሁ የሥራ ማስታወቂያ የማነብ ልጅ ነኝ። ግማሾቻችሁ የምታውቁኝ እዚያው ሰሌዳ ሥር ነው። «የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» የምትለውን መስመር አብረን ስናነብ ነው የተዋወቅነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ፊልም ነው። «አሁን በዚህ ጊዜ ፊልም ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ። እስኪ ታገሱኝ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ደርግን በዓይኑ ያየ አለ? ማንም እጁን አላወጣም። ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ያኔ አልተወለድንም። ግን ሁላችንም ደርግን «እናውቀዋለን»፣ አይደል? ዓይናችሁን ጨፍኑና ደርግ ስላችሁ ምን እንደሚመጣባችሁ እዩ። ካኪ የለበሰ ካድሬ። ሌሊት በር የሚደበድብ አብዮት ጠባቂ። አፍሮ ያበጠረች፣ ቦርሳዋ ውስጥ በራሪ ወረቀት የደበቀች ቆንጆ ልጅ። መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ። ከዚያ ደግሞ መንግሥቱ ኃይለማርያም በሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰባብር።

ይሄን ሁሉ ከየት አመጣነው? ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፉ አንድ ገጽ ቢሰጠው ነው። ያመጣነው ከፊልምና ከስልካችን ነው። አባቶቻችን የኖሩትን እኛ በስክሪን አየነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ያን ስክሪን የሞላው ማን ነው? ምን አሳየን፣ ምን ሳያሳየን ቀረ?

ከእኛው ሀገር ከወሎ ልጀምር። ታሪኩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነውና።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ አለቀ። የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ላይ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታም ተሰበሰበ። እስከዚህ ድረስ ፊልሙ ውለታ ውሎልናል፤ የተደበቀውን ገለጠ።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ልብ በሉ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በዕንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዳለ ግን አላሳየውም። ቆርጦ፣ በየመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ እያስገባ ነው ያሳየው። እዚህ የወሎ ሕፃን፣ እዚያ የንጉሡ ማዕድ። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

እንዳትሳሳቱብኝ። ረሃቡ ውሸት አልነበረም። ግብዣውም ውሸት አልነበረም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ሁለቱን ቆርጦ የቀጠለው እጅ የራሱ ዓላማ ነበረው። የሚገርመው ደግሞ ቴሌቪዥን ያኔ ከአዲስ አበባ ብዙም አይወጣም ነበር። በፊልሙ ውስጥ ያለው የወሎ ገበሬ ፊልሙን አላየውም። በእሱ ፊት መንግሥት ሲለወጥ እሱ ወሬውን እንኳን ዘግይቶ ነው የሰማው።

አሥር ዓመት እንቁጠርና ወደ መስከረም 1977 እንምጣ። ያንን ፊልም ያሳየው ደርግ አዲስ አበባን በቀይ ባንዲራ አስውቦ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ያከብራል፤ የሠራተኞች ፓርቲ ይመሠርታል። ወሎ ደግሞ እንደገና ያልቃል። ደርግም በተራው ዝም ይላል። በጥቅምት 1977 ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረው ከኮረም የላኩት ምስል በቢቢሲ ወጣ። ያንን ምስል ዓለም እስከ ዛሬ አልረሳውም። ኮንሰርቱ ተደገሰ፣ እርዳታው ጎረፈ፣ ብዙ ነፍስም ተረፈ።

ግን እኛስ በዓለም ዓይን ምን ሆነን ቀረን? የመንዙማው ሀገር፣ የአራቱ ቅኝት ሀገር፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጎጆ የሚያድርበት ሀገር፣ በዓለም መዝገብ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ሆኖ ተጻፈ። ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ቀረጸን። ሁለት ጊዜም ድምፅ አልነበረንም፤ ፊት ብቻ ነበርን።

አሁን ወደ ሀገራችን ፊልም ልግባ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ስለዚያ ዘመን የሠሩት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል» በሚለው ዘጋቢ ፊልሟ አብዮቱ የበላቸውን ወንድሟንና የልብ ጓደኛዋን ተከትላ ሄደች። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት» ቀይ ሽብርን ወደ ሲኒማ ቤት አምጥቶ ለተራው ተመልካች አቀረበ። የታማራ ዳዊት የ2012ቱ ዘጋቢ ፊልም፣ ሳሊን ፍለጋ ልበለው፣ ኢሕአፓ ገብታ የጠፋችውን አክስቷን ከቀሩት አክስቶቿ አፍ ሰበሰበ። የዲፕሎማት ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቡ ለአሥርት ዓመታት ስሟን ማንሳት ይከብደው ነበር። እነዚህ ፊልሞች ባይኖሩ የብዙ እናቶች ዝምታ ከእናቶቹ ጋር ይቀበር ነበር። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም እንኳን የተከፈተው በ2002 ነው። ፊልሙ ከሐውልቱ ቀድሟል።

እና አንድ ቀን ለአያቴ ስለ ቀይ ሽብር የተሠራ ፊልም በስልኬ አሳየኋት። ስሙን አልነግራችሁም፤ ጥፋቱ የእሱ ስላልሆነ። እምዬ ከቡናው ጎን ተቀምጣ መነጽሯን አድርጋ ዝም ብላ አየች። አንዱ ወጣት ከካድሬ ሸሽቶ ዘመድ ቤት ይገባል። እናትየው ታለቅሳለች። እኔ እንባዬ መጥቷል። እምዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«አንተ ልጅ፣ መሶባቸው ሙሉ ነው እንዴ?»

ሳቅሁ። ከዚያ አፈርኩ። እኔ ያላየሁትን መሶብ ነው ያየችው። «እምዬ፣ ይሄ እኮ አዲስ አበባ ነው፤ 1970 ነው፤ ረሃቡ በኋላ ነው» አልኳት። ለእሷ ግን ደርግ አንድ ነው፤ በዓመት አይከፈልም። ስኒውን አስቀምጣ የራሷን ደርግ ነገረችኝ።

የእሷ ደርግ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መልካም ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኛ የነበረው አባቷ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «የኔ» የሚለውን መሬት አረሰ። ያንን ቀን ስታወራ ፊቷ ይፈካል። ከዚያ የእህል ኮታ መጣ፤ ከአውድማው ላይ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይወሰዳል። ከዚያ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ልጆች ገበያ ላይ ይታፈሱ ጀመር። እናቶች ወንድ ልጅ ለገበያ መላክ ተዉ። ከዚያ ረሃቡ። ከረሃቡ ጋር ሰፈራ።

ሰፈራን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከ1977 ጀምሮ 600,000 ገደማ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጭኗል። ከሁሉም የበዛው ከወሎ ነው። ወዶ የሄደ አለ፤ እህል ይሰጣችኋል ተብሎ የሄደ አለ፤ ተይዞ የተጫነም አለ። በመንገድና በሰፈራ ጣቢያ፣ በወባና በበሽታ፣ በአሥር ሺዎች እንደሞቱ ይገመታል። የእምዬ ታናሽ ወንድም በካሚዮን ተጭኖ ፓዌ ሄደ። አንድ ደብዳቤ በሰው እጅ መጣ። ሁለተኛ አልመጣም። እስከ ዛሬ ለሙታን ዱዓ ሲደረግ ስሙን ከሙታን ጋር ይጥሩት ከሕያዋን ጋር አታውቅም።

እስኪ ልጠይቃችሁ። ስለ ሰፈራ የተሠራ፣ ሁላችንም ያየነው አንድ የአማርኛ ፊልም ጥሩልኝ። ስለ ኮታ እህል? ስለ አፈሳ?

አንድ አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። በ2000 መጨረሻ ቬኒስ ላይ ተሸለመ፤ በ2001 በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ጎንደሬው ኃይሌ ፊልሙን ጀርመን ተምሮ በተመለሰ በአንበርብር ዓይን ነው የሚያሳየን። ግን አንበርብርን ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይዞት ይገባል። እዚያ እናቶች አሉ። ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተደበቁ ሕፃናት አሉ። እምዬ «ጤዛ»ን ስታይ ስለ መሶብ አልጠየቀችኝም። ዋሻውን ስታይ «እንደዚያ ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እንግዲህ የምለው ይሄ ነው። ፊልሞቻችን የሚያስታውሱልን የተማረውን፣ የከተማውን፣ የአዲስ አበባውን ደርግ ነው። እሱም እውነት ነው፤ ያ ትውልድ ደሙን አፍስሷል፤ ከዚሁ ከደሴ ከወይዘሮ ስኂን ደጃፍ የወጡም ብዙ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተረፈው የተማረ ሰው ጻፈ፣ ፊልም ሠራ። የእምዬ ወንድም አልጻፈም። ሕዝብ ደግሞ በስክሪን ያላየውን ቀስ በቀስ እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ፤ ስለ ራሴ ነው።

ቲክቶክ ላይ የመንግሥቱን ንግግር እየቆራረጡ ከሙዚቃ ጋር የሚለቁትን ታውቃላችሁ። ድምፁ ነጎድጓድ ነው። «ቆራጡ» ይሉታል። ሀገር፣ ክብር፣ አንድነት። ሥራ አጥቼ በተኛሁበት ሌሊት እንዲህ ያለ ክሊፕ ሲመጣልኝ ምን እንደሚሰማኝ ልደብቃችሁ? ደስ ይለኛል። እዚህ ኮምቦልቻ የአባቴ ጓደኛ የሆኑ አንድ ጡረተኛ አሉ። በደርግ ጊዜ በተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። «እኛ ስንመረቅ ሥራ ፍለጋ አልዞርንም፤ መንግሥት ነው የመደበን» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሦስት ዓመት ሰሌዳ ላነበበ ልጅ ይሄ ወሬ እንደ ማር ነው።

እና አንድ ሌሊት ከእነዚያ ክሊፖች አንዱን ሼር አደረግኩት። «እንዲህ ያለ መሪ ነበረን» ብዬ ጻፍኩበት። ላይኩ ጎረፈ። ጠዋት ቡና ላይ ኮሜንት ላነብ ስከፍተው ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ። እምዬ ጀርባዋን ሰጥታ ቡና እየቆላች ነበር። መልኩን አላየችም። በዚያ ዘመን በሬዲዮ እንጂ በምስል አታውቀውም። እጇ ቆመ።

«ዝጋው» አለችኝ።

ቡናው አረረ። በቤታችን ቡና ሲያርር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘጋሁት፤ ከዚያም አጠፋሁት። ለምን እንዳጠፋሁት ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ መናገሬ ነው።

ያ ክሊፕ አርባ ሰከንድ ነው። በዚያ አርባ ሰከንድ ውስጥ ያለ ፍርድ የተረሸኑት ስልሳ ባለሥልጣናት የሉም። ቀይ ሽብር የለም። የፓዌው ካሚዮን የለም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ዓመታት የፈጀ ችሎት አካሂዶ በ1999 ሰውዬው በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ማለቱ የለም። ዚምባብዌ ተቀምጦ ማርጀቱም የለም። ደርግ በ1967 የዲምብልቢን ፊልም የቆረጠበት መቀስ አሁን በየኪሳችን ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ጀርመኖችን እዩ። ከምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ውድቀት በኋላ «የሌሎች ሕይወት» የሚባል ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 ሠሩ። ሰው እየሰለለ ኖሮ ልቡ የራራ የደኅንነት መኮንን ታሪክ ነው፤ ኦስካር አሸነፈ። ግን የቀድሞው የደኅንነት እስር ቤት መታሰቢያ ኃላፊ እዚያ ግቢ ውስጥ እንዳይቀርጹ ከለከለ። «እንዲህ ያለ ደግ መኮንን አልነበረም፤ የታሰሩትን መበደል ነው» ባይ ነው። ፊልሙ ግሩም ነው፤ ሰውየውም ልክ ነው። የዚያ የምሥራቅ ጀርመን ደኅንነት ሰዎች የደርግን ደኅንነት ያሠለጠኑ መሆናቸውን ስታስቡ ደግሞ ነገሩ ከእኛ ደጅ ሩቅ አይደለም። ፊልም ሰውን ያስለቅሳል፤ ያለቀሰ ሰው ደግሞ ያየው ሁሉ የሆነ ይመስለዋል።

እኛስ? እውነቱን እንነጋገር። እዚህ ገጽ ላይ እኛም እንቆርጣለን። የሚመቸንን እንለጥፋለን፣ የማይመቸንን እንዘላለን። የእምዬን ታሪክ ብለጥፍ ስለ ሰፈራው የተናገረችውን ትወዱታላችሁ። «አባቴ መሬት ያገኘው በደርግ ነው» ያለችውን ግን ስንቶቻችን እንቆርጠው ነበር? የጡረተኛውን ሰው ፋብሪካስ? የወገኔን ታሪክ እወዳለሁ የሚል ሰው ወገኑ የተናገረውን ሙሉውን መስማት አለበት። ግማሹን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ወገኑን አይደለም የሚወደው።

ደግሞም ነገሩ የጥንት አይደለም። በ2014 ጦርነቱ በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች ላይ ሲያልፍ እኛ ራሳችን ነበርን። ማን ምን እንዳየ እናውቃለን። ያኔ በስልካችን ከቀረጽነው ስንቱ ዛሬ አለ? ስልኩ ተሸጠ፣ ተሰረቀ፣ ሜሞሪው ሞላ ተብሎ ተደለተ። ሃያ ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው የደሴንና የኮምቦልቻን ፊልም ይሠራዋል። ያኔ ልጆቻችን እኛን በዚያ ሰው ዓይን ያዩናል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ካሜራ የለንም፣ ብር የለንም አትበሉኝ። ሪቲ ፓን የሚባል ካምቦዲያዊ አለ። ልጅ ሳለ ቤተሰቡን በክመር ሩዥ አጣ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ምስል አገዛዙ ለራሱ ማሞገሻ የቀረጸው ብቻ ነበር። ምን አደረገ? ከሸክላ ትንንሽ ሰዎች ሠርቶ፣ የጠፋውን መንደሩን በእነሱ አቁሞ ፊልም ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካን ላይ ተሸለመ። ፊልሙንም «የጠፋው ምስል» አለው። ጭቃ ደግሞ ወሎ ውስጥ ሞልቷል።

እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ ያነሰ ነው። እያንዳንዳችሁ ከዛሬ ጀምሮ እስከ መስቀል አንድ ሰው ቅረጹ። አያታችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ ከሰፈራ የተመለሰውን ሽማግሌ፣ የቀድሞውን ወታደር። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ቡና ይፈላ፣ ጀባ ይባል፤ ሰው የሆዱን የሚያወጣው ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። «ደርግ መጥፎ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱን አፋቸው ውስጥ እያስገባችሁ ነው። «ያን ዓመት ምን በላችሁ? ማን መጣ? የት ተቀመጣችሁ?» በሉ። ሲያለቅሱ አታቋርጡ፤ በቃኝ ካሉ ግን ዝጉት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ዕድሜ ጻፉ። በሁለት ቦታ አስቀምጡት።

አንድ አደራ። «እገሌ ነው ያስያዘኝ» ብለው ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ያንን ስም ፖስት አታድርጉት። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ምናልባት አሁን አጠገባችሁ ተቀምጧል። ለታሪክ አስቀምጡት እንጂ ለበቀል አታውጡት። እኛ የምንፈልገው እንዲታወቅ ነው፤ ቂም በየቤቱ እንዲገባ አይደለም።

የተቀረጸውን በሙሉ፣ ሳይቆረጥ፣ አንድ ላይ እናስቀምጣለን። ከመካከላችን ፊልም መሥራት የሚችል አይጠፋም፤ ያኔ ከዚህ ይነሣ። የማይመቸንም ይግባበት።

እኔ ባለፈው ሳምንት ጀምሬያለሁ። እምዬን ጓሮ አስቀምጬ፣ ጦሳን ከኋላዋ አድርጌ ስልኬን ድንጋይ ላይ አስደገፍኩት። ቀዩን ነገር ስጫን «አሁን ይሄን ማን ያየዋል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «ልጆቼ» አልኳት፤ ገና ሥራም ሚስትም የለኝ። ሳቀችና ነጠላዋን አስተካክላ የወንድሟን ስም ከነአባቱ ጠርታ ጀመረች። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። አልቆረጥኩትም።

እናንተስ መቼ ትጀምራላችሁ?

ወሎን ሰላም ያድርግልን።